ነፍስ የደወለችው ደወል

አቶ ሀብተ ሥላሴ የተገኙት በአሮጌው የአዋሽ ባቡር ጣቢያ፣ ራሳቸው በሰቀሉት ደወል ሥር፣ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ከአጠገባቸው የደወሉ መምቻ ብረት ወድቋል፤ ጫፉ በደም ርሷል። ትንሽ ራቅ ብሎ ምስር የተሞላ ሳምቡሳ በሲሚንቶው ላይ ተበትኗል፤ የሳሕኑ ስባሪም እስከ ሐዲዱ ድረስ ተረጭቷል። ሳምቡሳውን የጠበሰችው ሰሚራ ናት። ይዞት የሄደው ታናሽ ወንድሟ አብዱናሲር ነው። ሰው ሲደርስ አብዱናሲር ሽማግሌውን አቅፎ ያለቅስ ነበር፤ እጁም ሸሚዙም ደም በደም ሆኗል።

ጣቢያው ባቡር ካየ ዘመን አልፏል። አዲሱ ባቡር በሌላ መስመር ይሄዳል፤ የነሐሱ ደወልም ጣቢያው ሲዘጋ ተወስዷል። አቶ ሀብተ ሥላሴ ግን ዕድሜያቸውን የፈጁበትን ሥራ መተው አልሆነላቸውም። ቁራጭ ሐዲድ በሰንሰለት ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ሰቅለው፣ የድሬዳዋው ባቡር ይገባበት በነበረው የአመሻሽ ሰዓት ሦስት ጊዜ ይደውሉ ነበር፤ ለማይመጣ ባቡር። ከእሳቸው በቀር ያን ብረት የሚነካ አልነበረም። በዚያ ዕለትም ደወሉ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ስለዚህ፣ ይላል ፖሊስ፣ ሽማግሌው እስከዚያች ቅጽበት በሕይወት ነበሩ። ከደወሉ በኋላ ደግሞ ወደ ጣቢያው ሲሮጥ የታየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ካለው የእህቱ ካፌ የወጣው አብዱናሲር። ክሱ አጭር ነው፤ እንደ ሚስማርም የጠበቀ።

ከጣቢያው ጀርባ፣ በአሮጌዎቹ የሠራተኛ ቤቶች የሚኖሩት እናቶች ግን ሌላ ነገር ያንሾካሽኩ ጀመር። «ያን ደወል የደወለችው ነፍሱ ናት» ይባባላሉ፤ ከዚያም «አዑዙ ቢላህ» ብለው በራቸውን ይዘጋሉ።

ሰሚራም ሰላም አጣች። ፀሐይ ወደ ፈንታሌ ተራራ ስታዘቀዝቅ ጆሮዋ ሳታዝዘው ይቆማል። ዝምታው ራሱ የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስል ነበር። ሊጥ እያቦካች ሦስቱን ምት በልቧ ትቆጥራለች፤ ደወሉም አይመጣም፤ ወንድሟም አይመጣም።

«ጠበቃ ከያዛችሁ ጥፋቱን አመናችሁ ማለት ነው» አሏት ጎረቤቶቿ። «ሽማግሌ ላኩ፤ ደሙ በዕርቅ ይድረቅ።»

«ደም ያላፈሰሰ እጅ በምን ይታረቃል?» አለቻቸውና በማግስቱ ወደ ሰመራ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ከጎኗ የተቀመጡት አፋር ሽማግሌ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ከሰላምታ በኋላ ያየችውንና የሰማችውን ጠየቋት፤ በዚያ አገር መንገደኛ ወሬውን ደብቆ አያልፍም። ገዋኔ ሳይደርሱ የጀመረችውን ሚሌ ላይ ጨረሰች። ሽማግሌው አላጽናኗትም። «ሰመራ ላይ አንዲት ሴት አለች፤ ዓለምሸት ይሏታል። ከምትናገረው የምትሰማው ይበልጣል። እሷን ያዢ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የወይዘሮ ዓለምሸት ቢሮ ጠባብ ናት። ቬንቲሌተሩ የሚያዞረው ያንኑ ትኩስ አየር ነው። ጠበቃዋ አጭር፣ ድምፀ ዝቅተኛ ሴት ስትሆን፣ ስትሰማ አንዲት የለስላሳ ቆርኪ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ታገላብጣለች።

«ወንድምሽ ለፖሊስ ቃል ሰጥቷል?»

«በዚያው ዕለት። ‹የምደብቀው የለኝም› ብሎ ያሉትን ሁሉ ፈረመ።»

«ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ ጠበቃ መጥራት እንደሚችል አልተነገረውም?»

«ተነግሮታል አሉ። እሱ ነው እምቢ ያለው።»

ዓለምሸት ቆርኪዋን ገለበጠቻት። «ንጹሕ ሰው የሚሠራው የመጀመሪያው ስሕተት ይኸው ነው። ጥፋተኛማ ይጠነቀቃል።»

ሰሚራ ቀና አለች። «ንጹሕ መሆኑን አመኑልኝ ማለት ነው? ባይሆን ኖሮስ ይተዉት ነበር?»

«ባይሆንም አልተወውም። የሚለየው የምሠራው ሥራ እንጂ አጠገቡ መቆሜ አይደለም። አሁን ንገሪኝ፤ የሠፈሩ ሰው ምን ይላል?»

ሰሚራ አፈረች። «የማይረባ ወሬ ነው።»

«የማይረባውን ንገሪኝ። የሚረባውን ፖሊስ ጽፎታል።»

«ደወሉን የደወለችው ነፍሳቸው ናት ይላሉ፤ ከጣቢያው ጀርባ ያሉ እናቶች።»

ዓለምሸት አልሳቀችም። ቆርኪዋ ከጣቷ ሥር ቆመች። «ለምን?»

«ምን ለምን?»

«ደወል የሰማ ሰው ‹ሽማግሌው ደወሉ› ይላል፤ ያልፋል። ‹ነፍሳቸው ናት› ለማለት ያልለመደው ነገር መኖር አለበት። በዚያ ደወል ውስጥ እናቶቹ ያልለመዱት ምን ነበር?»

ዓለምሸት ቦርሳዋን አነሳች።

አብዱናሲርን ያገኙት በአዋሽ ፖሊስ ጣቢያ፣ መርማሪው ኢንስፔክተር ቢያድግልኝ በተገኘበት ነው። ኢንስፔክተሩ ወደ አዋሽ ከተዛወረ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ሥራውን የሚወድና መቸኮሉን እንደ ትጋት የሚቆጥር ሰው ነበር። አብዱናሲር ከስቷል፤ የእህቱን እጅ ያዘና ወደ ጠበቃዋ ሳያይ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጠበቃ አልፈልግም» አለ።

«የጠራችኝ እህትህ ናት፤ የምቆምልህ ግን አንተ ስትፈቅድ ነው። ለምን አልፈለግኸኝም?»

«ንጹሕ ሰው ጠበቃ ምን ያደርግለታል?»

«ጃንጥላ የያዘ ሁሉ ፀሐይዋን ያወጣት እሱ ነው?»

አብዱናሲር ሳይወድ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ጨለመ። «ጠበቃ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ የማልናገረው ነገር አለ።»

«ለማን ምለህ?»

ደነገጠ። «ማን ነገረዎት?»

«የሚደብቅ ሰው ዓይኑን ይሰብራል፤ የማለ ሰው ጥርሱን ይነክሳል። መሐላህ ከአንተ ጋር ይቆይ፤ እኔ የምጠይቅህ መሐላው የማይነካውን ነው። በዚያን ዕለት ለምን ሮጥህ?»

«ዘግይቼ ነዋ! በረመዳን ከጋሼ ጋር ነው የማፈጥረው። እሳቸውም ሁዳዴ ላይ ናቸው፤ ምስሩን ሳምቡሳ አብረን እንቀምሳለን። መብራት ጠፍቶ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ዝም ብሏል፤ ደወሉን ስሰማ አዛን አምልጦኛል ብዬ በረርኩ።»

«ይኸው ውሸቱ!» አለ ኢንስፔክተሩ። «የያዝኩት እኔ ራሴ ነኝ። ከመስጊዱ አጥር ሥር መኪና ውስጥ ሳስገባው ነው አዛኑ የተሰማው። ምኑ ነው ያመለጠው?»

ዓለምሸት አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው አየች። «ሁለታችሁም እውነት ተናግራችሁ እንደሆነስ?»

ኢንስፔክተሩ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ጊዜው ማለቁንም ተናገረ። አብዱናሲር ተነሥቶ ጥቂት ቆመ። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀና ውክልናውን ፈረመ።

ወደ ጣቢያው ሲሄዱ ጠራራው ሐዲዱን ያንቀጠቅጠው ነበር። ብዙ ሰው አልነበረም የሚጠየቀው። በግቢው በር ላይ ዘበኛው አብዮት፣ ከጀርባ የሟቹ የሥራ ባልደረባ የነበሩት ጡረተኛው ጋሽ ብሩኬ፣ በሟቹ ቤት ደግሞ ለቅሶ የተቀመጠው የእህታቸው ልጅ ያሬድ አሉ። ያሬድ ከሰመራ የመጣ፣ የግንባታ ዕቃ የሚያቀርብ፣ አይሱዙ ያለው ጎልማሳ ነው።

አብዮት ገና ሳይጠየቅ መሐላ ጀመረ። «በማርያም፣ ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም!»

«ጥሩ። አብዱናሲር ሮጦ ሲያልፍህ ምን ይዞ ነበር?»

«ባዶ እጁን… አይ፣ ዱላ ነገር መሰለኝ።»

«ሳሕን ሙሉ ሳምቡሳ ነበር የያዘው። ሽታው እንኳ አልደረሰህም?»

አብዮት ጭንቅላቱን አከከ። «እንግዲህ… ከልጆቹ ጋር ጫት ላይ ነበርን። ማን ባቡር ይሰርቃል ብዬ ነው!»

«ስለዚህ ከደወሉ በፊት ማንም ሊገባ ይችል ነበር» አለች ዓለምሸት፤ ለሰሚራ እንጂ ለእሱ አልነበረም።

ጋሽ ብሩኬ ያወሩት እየከበዳቸው ነው። «ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን እናንተ ካፌ በር ላይ ቆሞ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ፣ ልጄ ሰሚራ። ‹ሐዲዴን የሚነቅለውን አሁን አወቅሁት! ከገዛ ቤቴ ነው!› ይላል። አብዱን ‹ልጄ› ነበር የሚለው፤ ሌላ ማንን ሊል ይችላል ብዬ ለፖሊስ ተናገርኩ። እግዜር ይፍረድብኝ፤ የሰማሁትን ነው።»

ዓለምሸት ሐዲዱን ተሻግራ ካፌው በረንዳ ላይ ቆመች። ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች ቁርጥ ሐዲድ ናቸው፤ ቀለም አልነካቸውም፤ የተቆረጡበት ጫፍ ገና ያበራል።

«ይህን ማን አመጣላችሁ?»

«ያሬድ። በአይሱዙው ጭኖ። በጨረታ ያገኘሁት ነው አለን።»

«ለፖሊስ ነግረሻል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ዓለምሸት ምሰሶውን በጣቷ ነካችና ፈጥና አነሣችው፤ ያቃጥላል። «አንቺ የማልሽው መሐላ የለም» አለች ቀስ ብላ። «ጥሩ ነው።»

ያሬድ ግን እንደ ምሰሶው አልነበረም፤ ለስላሳ ነው። ፍራሽ ላይ እንዲቀመጡ ጋበዛቸው፤ የአጎቱን ፎቶ እያየ እንባውን ጠረገ። «በዚያን ዕለት ልጠይቀው ነበር የመጣሁት። ደወሉ ሲያበቃ እኔ ካፌው በር ላይ ነኝ። ከዚያ ጩኸቱ እስኪሰማ አልተነሣሁም። ሰሚራ ትመስክር።»

ሰሚራ የወንድሟ ነፍስ በዚህ መልስ ላይ እንደተንጠለጠለ ታውቃለች። መዋሸትም ትችል ነበር። «እውነቱን ነው» አለች። «ደወሉ ጆሯችን ውስጥ ሳለ ነው የገባው። ‹ጋሼ ዛሬም አልተወውም!› አለ ጮክ ብሎ። ከሮቶው እጁን ታጠበ። ፀሐይ ሲያነድደው የዋለ ውሃ ነው፣ ያቃጥልሃል ስለው ‹ይሁን› አለኝ። ከዚያ ተቀምጦ ሻይ አዘዘ። አብዱ ሲሮጥ እሱ ወንበሩ ላይ ነበር።»

ወደ ውጭ ሲወጡ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «አዳንኩት፣ አይደል? ወንድሜን ደግሞ ገደልኩት።»

«እውነት ተናገርሽ» አለች ዓለምሸት። «እውነት ደግሞ መጀመሪያ የምትመታው ቤቷን ነው፤ ትንሽ ታገሺያት። አሁን ወደ ነፍሲቱ ውሰጂኝ።»

ከጣቢያው ጀርባ ካሉት እናቶች አንዷ፣ እማማ ፋሪሃ፣ ከወሎ ወደ አዋሽ የመጡት በልጅነታቸው ነው። ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሞተውባቸዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ስለ ደወሉ ሲጠየቁ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ተዪኝ ልጄ። የሞተ ሰው አይታማም።»

«እኔ የመጣሁት ላለማማት ነው፣ እማማ። ለምን ነፍሳቸው ናት አሉ?»

«መስጊዱ ከእኛ ሩቅ ነው። ነፋስ ሲነሣ፣ መብራት ሲጠፋ፣ አዛኑ አይደርሰንም። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ሀብተ ሥላሴ ‹የማይመጣን ባቡር በሰዓቱ ከምጠራ፣ በረመዳን ለእናንተ ልደውል› አለን። በረመዳን የድሬዳዋውን ሰዓት ይተዋል። መስጊዱ ድረስ ሄዶ አዛኑን ሰምቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ይደውላል። እኛም ቴምራችንን ይዘን በሩ ላይ እንጠብቀዋለን። ክርስቲያን ሆኖ አንድ ቀን እንኳ አላሳሳተንም።»

«በዚያን ዕለትስ?»

«አቧራ ነበር፤ ሰማዩ ደፍርሷል። ደወሉን ስሰማ ቢስሚላህ ብዬ ቴምሬን ቀመስኩ። አቧራው ሲገለጥ ልጆቹ ጮሁ፤ ፀሐይዋ ፈንታሌ ትከሻ ላይ ቁጭ ብላለች! ጾማችን ፈረሰ። ቀዷ አለብን፤ ሌላ ቀን እንጾመዋለን፤ እሱስ ይሁን። ግን ሀብተ ሥላሴ ከአዛን በፊት አይደውልም፣ ልጄ። በሕይወቱ አላደረገውም። ስለዚህ በሕይወት አልነበረማ! ነፍሱ ናት፤ ስትሄድ ተሰናበተችን።»

በረመዳን ደወሉ ከአዛን በኋላ እንደሚመጣ ሰሚራም ታውቃለች፤ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ወንድሟም ዘገየሁ ብሎ የሮጠው ለዚህ ነበር። በዚያች ምሽት ግን አዛን ሰማች ወይስ አልሰማች፣ ከዚያ ጩኸት በፊት የነበረውን ሁሉ ኀዘኑ ጠርጎባት ነበር።

ዓለምሸት ጎንበስ ብላ የአሮጊቷን እጅ ሳመች። «ልክ ብለዋል፣ እማማ። በሕይወት አልነበሩም።»

ያን ቀን በመጨረሻ የሄዱት ደወሉ ዘንድ ነው። ኢንስፔክተር ቢያድግልኝ እያጉረመረመ ተከተላቸው። የተሰቀለው ሐዲድ ከላይ እስከ ታች የዛገ ሲሆን፣ ከታችኛው ጫፍ አጠገብ ብቻ የመዳፍ ስፋት ያላት ቦታ በምት ብዛት ተወልውላ እንደ መስታወት ታበራለች። በዚያች ብሩህ ቦታ መካከል ቡናማ ነገር ተለጥፏል።

«ይህ ምንድን ነው ኢንስፔክተር?»

«ዝገት።»

«ሌላውን ሁሉ ዝገት በልቶታል። ይህችን ግን ሽማግሌው በየዕለቱ ሲመቷት ዝገት መቼ ደፈራት? በዚህ ደረቅ አየርስ በእነዚህ ጥቂት ቀናት ብረት ይዝጋል?»

ኢንስፔክተሩ ተጠግቶ አየ። አንዴ ወደ ሲሚንቶው፣ አንዴ ወደ ደወሉ ተመለከተ። ከዚያ ምላጭና ንጹሕ ወረቀት አውጥቶ ቡናማውን ፋቀው።

ፖሊስ አብዱናሲርን ወደ ቦታው ወስዶ «መርቶ እንዲያሳይ» ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ ተጠርጣሪው ወንጀሉን እንዴት እንደፈጸመ በቦታው ቆሞ የሚያሳይበት ሥርዓት ነው። ዓለምሸት መቃወም መብቷ ነበር። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ በአመሻሽ ይሁን፤ ሁሉም ይገኙ።

በተባለው ቀን ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ ሁሉም ተሰበሰቡ። አብዱናሲር በካቴና እንደታሰረ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ጋሽ ብሩኬ ምርኩዛቸውን ተደግፈዋል፤ አብዮት ዛሬስ ከበሩ ላይ ነው የመጣው። ያሬድ ጥቁር ለብሷል። ከጀርባ፣ በየደጃቸው፣ እናቶቹ ቴምር በመዳፋቸው ይዘው ቆመዋል፤ ከፊት እማማ ፋሪሃ።

«ደንበኛዬ የሚመራውና የሚያሳየው የለም» አለች ዓለምሸት። «ከመጀመራችን በፊት ግን ሟቹን በወጉ እናስባቸው። ያሬድ፣ አንተ የቅርብ ዘመዳቸው ነህ። ደወሉን አንተ ደውልልን፤ ልክ እሳቸው ይደውሉበት በነበረው ሰዓት።»

ሌላ ብረት ሰጠችው። ያሬድ ስልኩን አወጣና ሰዓቱን አየ። ጋሽ ብሩኬ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዓለምሸት ጣቷን አነሣች፤ ዝም አሉ። ያሬድ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ በኀዘን ፊት፣ በተጠና ክንድ፣ መታው። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ከቤቶቹ በኩል ጩኸት ተነሣ። «ኧረ ገና ነው! አዛን አላለም! ማን ነው የደወለው?» እማማ ፋሪሃ ቴምራቸውን መሬት ላይ ጣሉት። «እንደዚያ ቀን ነው! ያው እጅ ነው! ያ ረቢ፣ ያው እጅ ነው!»

ያሬድ ብረቱን እንደያዘ ቀረ። ዙሪያውን አየ። የከበቡት ሁሉ እሱን ሳይሆን ምዕራቡን፣ ፀሐይዋን ነበር የሚያዩት። ያኔ ገባው።

«ኢንስፔክተር» አለች ዓለምሸት፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ «ክሱ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ደወሉ ሲደወል ሽማግሌው በሕይወት ነበሩ በሚለው። እሳቸው ግን በረመዳን ከአዛን በፊት አይደውሉም። ደንበኛዬ አዛን አመለጠኝ ብሎ ሮጠ፤ እርስዎ ደግሞ አዛኑን ዘግይተው ሰሙ። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም፤ ደወሉ ነው የዋሸው። በዚያች በተወለወለች ቦታ ላይ የፋቁት ደም ከየት መጣ? መምቻው በመጀመሪያ ያረፈው ራስ ላይ ነው፤ ደወሉ ላይ ያረፈው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አብዱናሲር ካፌው ውስጥ ደንበኞቹን ያስተናግድ ነበር።»

«ታዲያ ማን ደወለ?» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ዓይኑ ግን አስቀድሞ ሄዷል።

«ከተማው ሽማግሌው በሕይወት አሉ እንዲል የፈለገ ሰው። ምቱ ሦስት መሆኑን፣ የድሬዳዋውን ሰዓት ያውቃል፤ በልጅነቱ እዚህ አድጓልና። የረመዳኑን ወግ ግን አያውቅም፤ ወጉ የተጀመረው እሱ ሰመራ ከገባ ወዲህ ነው፤ ወደ አጎቱ ቤት ብቅ የሚለውም ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነበር። ጋሽ ብሩኬ ቢሆኑ ይጠብቁ ነበር። አብዮትም ይጠብቅ ነበር። ይህ ሰው ደውሎ፣ ሐዲዱን ተሻግሮ፣ ‹ጋሼ ዛሬም አልተወውም› ብሎ ሁሉን ምስክር አደረገ። እጁንም በሚያቃጥል ውሃ ታጠበ። ምክንያቱ ደግሞ የካፌው ምሰሶ ላይ አለ፤ ሽማግሌው በሕይወታቸው የጠበቁት ሐዲድ ነው፤ ያመጣው ማን እንደሆነ ሰሚራ ትናገራለች። ‹ከገዛ ቤቴ ነው› ያሉት የሥጋ ዘመዳቸውን ነው። አብዱናሲርን በመሐላ ያሰሩትም፣ የእህታቸውን ልጅ ራሳቸው ሊመክሩት ፈልገው ይመስለኛል።»

አብዱናሲር መሐላውን ጠብቆ አዎም አይደለምም አላለም። እንባው ብቻ ወረደ።

«ከዘመድ ይልቅ ብረት በለጠበት!» አለ ያሬድ በድንገት፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «‹ነገ ራሴ ሄጄ አመለክታለሁ› አለኝ፤ የገዛ ሥጋዬ! እኔ እኮ ለምኜዋለሁ፤ ተንበርክኬ… ከዚያ ብረቱን ሳነሣ…»

«አትጨርሰው!» አለች ዓለምሸት።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ያሬድ፣ ከዚህ በኋላ አንዲት ቃል አትናገር። ዝም የማለት መብት አለህ። ጠበቃ ያዝ። እኔ ልሆንልህ አልችልም፤ ሌላ ግን አለ።»

ሰሚራ ፊቷ ነደደ። «ለእሱ? ወንድሜን በእሱ ፈንታ ሊያሰቅል ለነበረው?»

የመለሰላት ዓለምሸት አልነበረችም። «ተዪው ሰሚራ» አለ አብዱናሲር። «እኔ ንጹሕ ሆኜ አስፈልጎኛል። እሱማ እንዴት አያስፈልገው?»

ያሬድን ወሰዱት። ኢንስፔክተር ቢያድግልኝ ከአብዱናሲር ፊት ቆሞ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬቱን አየ። «ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት እቀርባለሁ፤ የምለውንም አውቃለሁ። ዛሬ ግን ያለ ትእዛዝ ልፈታህ አልችልም» አለ።

«ነገ ይሁን» አለ አብዱናሲር።

ያኔ ከመስጊዱ አዛን ተነሣ። ዛሬ መብራት አለ፤ ነፋስም የለም፤ ድምፁ ጥርት ብሎ እስከ ሠራተኛ ቤቶቹ ደረሰ። ሆኖም ከእናቶቹ አንዲቷም ቴምሯን ወደ አፏ አላነሣችም። አዛኑ አለቀ፤ ዝምታው ተመለሰ፤ ያ የሚጠብቅ ዝምታ። አንዲት ጎረቤት ከመሬት ያነሣችውን ቴምር እያራገፈች ለእማማ ፋሪሃ መለሰችላቸው። እሳቸውም በደከመ ዓይናቸው ወደ ጣቢያው አዩ።

አብዱናሲር ወደ ደወሉ ተራመደ። ፖሊሶቹ ሊይዙት ሲሉ ኢንስፔክተሩ በእጁ አገዳቸው። አብዱናሲር የታሰሩ እጆቹን አንድ ላይ ከፍ አደረገ፤ የተወለወለችዋን ቦታ ትቶ፣ ከበላይዋ፣ በካቴናው ብረት ሐዲዱን መታው። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ቢስሚላህ» አሉ እማማ ፋሪሃ።

ሰሚራም ጆሮዋ ማዳመጡን ሲያቆም ተሰማት።